አጨዳው ደርሷል፣ አራሹ ታሟል

ምስል፦ የደረሰ የጤፍ ማሳ፣ ማለዳ ላይ።

ህዳር ነው። ጤፉ ደርሷል። አባወራው ግን ጋቢ ተከናንቦ ይንቀጠቀጣል። ወባ ነው።

የወባ መድኃኒት በጤና ኬላ በነጻ ይሰጣል። ታዲያ ይህ ቤት ምን ከሰረ? እስቲ አብረን እንቁጠር። አባወራው ለቀናት ማጭድ አይጨብጥም። ሚስቱ አስታማሚ ስለሆነች እሷም ከሥራ ወጥታለች። የ13 ዓመቱ ልጅ ከትምህርት ቤት ቀርቶ ማሳ ወርዷል። ጤፍ ደግሞ ቀጠሮ አይሰጥም። ደርሶ ከቆየ ይረግፋል፤ ያልታሰበ ዝናብ ከመጣበትም ይበላሻል። የቀን ሠራተኛ እንዳይቀጥሩ ብር የለም። ስለዚህ በግ ይሸጣል፣ ወይም ብድር ይገባል። ለሕክምና አምስት ሳንቲም ሳይወጣ ቤቱ ደኸየ። በሽታ አገር ያደኸያል ሲባል መጀመሪያ ማየት ያለብን ይህን ቤት ነው።

ምስል፦ ክረምቱ ያቆረው ውሃ፣ የትንኝ እጭ።

ወባ ለምን አጨዳ ላይ ይመጣል? ክረምቱ ሲወጣ ውሃው በየጉድጓዱ ተኝቶ ይቀራል። ፀሐይ ትወጣለች፣ ይሞቃል። ለትንኟ ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለም። በአብዛኛው የአገራችን ክፍል ወባ የሚበረታው ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ነው። ገበሬው የዓመት ልፋቱን የሚሰበስበውም ያኔ ነው። በ1951 ዓ.ም. መጀመሪያ ወረርሽኙ እስከ ደጋው ወጥቶ ነበር። 3 ሚሊዮን ያህል ሰው ታሞ 150,000 ያህሉ እንደሞተ ይገመታል።

ምስል፦ የተሸነሸነ የደጋ መሬት፤ ቀጥሎ ሰፊ ቆላ።

መሬትም አለ። ከኢትዮጵያ መሬት ሦስት አራተኛው ገደማ ወባማ ነው። የደጋው ሰው ንዳዱን ፈርቶ ቆላ አይወርድም ነበር። ደጋው ላይ መሬቱ ለልጅ፣ ለልጅ ልጅ እየተሸነሸነ አለቀ። ቆላው ባዶ ነበር ማለቴ አይደለም። አርብቶ አደሩም አራሹም ነበረበት፤ እሱም ከነበሽታው ነው የኖረው። ግን ብዙ ለም መሬት ጦም አድሯል።

በሽታው ሲነሳ መሬቱ ይመለሳል? ምዕራብ አፍሪካ ላይ ታይቷል። በቮልታ ወንዝ ተፋሰስ አንዲት ትንሽ ጥቁር ዝንብ ዓይን የሚያጠፋ በሽታ ታስተላልፍ ነበር። ሰው ለሙን የወንዝ ዳር ትቶ ሸሸ። በ1974 እ.ኤ.አ. የአካባቢው አገሮች ከዓለም ጤና ድርጅትና ከዓለም ባንክ ጋር ሆነው ዘመቻ ጀመሩ። የዝንቧን መራቢያ ወንዞች በሄሊኮፕተር ረጩ። በኋላም ኢቨርሜክቲን የተባለው መድኃኒት ተጨመረ። ዘመቻው በ2002 ሲያበቃ 25 ሚሊዮን ሄክታር የሚያህል ለም መሬት ለእርሻና ለመኖሪያ ተመልሷል።

ምስል፦ አጎበር የምትሰቅል እናት።

ወደ እኛ እንመለስ። በ2019 እ.ኤ.አ. አገራችን የመዘገበችው የወባ ሕሙም 900,000 ገደማ ነበር። ትልቅ ድል ነበር። በ2024 ግን ገና ጥቅምት ሳያልቅ ከ7.3 ሚሊዮን አለፈ። ይህን ቁጥር ሳነብ የሚታየኝ ያልታጨደ ማሳ ነው።

ርጭቱም አጎበሩም ነሐሴ ሳያልቅ ቤት መድረስ አለበት። ለዚህ የሚወጣውን ብር እኔ የግብርና በጀት አድርጌ ነው የማየው። ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ሲታቀድ አጎበሩም አብሮ ቢታቀድ ደስ ይለኛል።