«ለጥንቃቄ ብዬ ነው የላክሁት»፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ከደሴ፦ ሰማያዊ ምልክት ያለው ገጽ ይታመናል?

አይታመንም። ኤክስ (የቀድሞው ትዊተር) ላይ ምልክቱ በወር ክፍያ ይገዛል። ይልቅ ያዩት ነገር ከየትና ከመቼ እንደሆነ፣ የት? መቼ? ብለው ይጠይቁ። ዛሬ ይህን ደጋግሜ ስለምለው ከወዲሁ ይልመዱት።

ከአዲስ አበባ፦ ፌስቡክ ስከፍት የሚያናድደኝ ነገር ብቻ ይመጣብኛል። ለምን?

ስለሚናደዱ ነዋ! እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ፌስቡክ የንዴቷን ፊት ጨምሮ የስሜት ምልክቶችን ከአንድ ላይክ 5 እጥፍ ይመዝን ነበር። የንዴቷን በ2020 ዜሮ አደረጋት፤ ኮሜንት ግን ዛሬም ይቆጠራል። «አንተ ውሸታም» ብለው ሲሳደቡ ጽሑፉን ለጓደኞችዎ እያደረሱለት ነው። ሪፖርት አድርገው ይለፉ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፦ ሁለት ገጾች በብሔር ይሰዳደባሉ። የትኛውን ልመን?

የሁለቱም ባለቤት አንድ ቢሆንስ? እዚያው አሜሪካ፣ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2016፣ ሂዩስተን ውስጥ አንድ እስላማዊ ማዕከል ደጃፍ ሁለት ሰልፎች ተፋጠው ነበር። አንዱን የጠራው «የቴክሳስ ልብ» የተባለ ገጽ ነው፤ ሌላውን «የአሜሪካ የተባበሩ ሙስሊሞች» የተባለ። ሁለቱም የሚመሩት ከሩሲያ፣ ከሴንት ፒተርስበርግ ነበር። ሰልፈኞቹ ግን የምር ሰዎች፣ ንዴታቸውም የምር። ብዙ ገጾች ላይ ፌስቡክ የተከፈቱበትን ቀንና አስተዳዳሪዎቹ ያሉበትን አገር ያሳያል። እንግዲህ የት? መቼ?

ከአዳማ፦ ልጅ የሚሰርቁ ሰዎች ቪዲዮ ደረሰኝ። «እውነት ይሁን ውሸት ባላውቅም ለጥንቃቄ» ብዬ ለቤተሰቡ የቴሌግራም ግሩፕ ላክሁት። ልጄ ተቆጣችኝ። ጥፋቴ ምንድን ነው?

እናቴ፣ ልጅዎ ልክ ናት፤ አይቀየሟት። እ.ኤ.አ. በ2018 ህንድ ውስጥ በዋትሳፕ የዞረ ቪዲዮ ነበር፦ በሞተር ሳይክል የመጡ ሁለት ሰዎች ሕፃን አፈፍ አድርገው ይሄዳሉ። ቪዲዮው የተሠራው ፓኪስታን፣ ካራቺ ውስጥ፣ ወላጆችን ለማስተማር ነው። መጨረሻው ላይ ሰዎቹ ልጁን መልሰው የማስጠንቀቂያ ጽሑፍ ያሳያሉ። ያቺን መጨረሻ አንዱ ቆርጦ ጣላት። በዚያው ዓመት ሐምሌ፣ ማሃራሽትራ ግዛት ዱሌ አውራጃ፣ በእንዲህ ያለ የልጅ ሌቦች ወሬ የተቆጣ ሕዝብ 5 ሰዎችን ቀጥቅጦ ገደለ። ሟቾቹ እየዞሩ የሚለምኑ ድሆች ነበሩ። ወሬውን ያዛመተውም ብዙው ሰው ልክ እንደ እርስዎ ለልጆች ተጨንቆ ነው።

«ባላውቅም» ማለትዎ አያድንም። እህትዎ ለሌላ ስታስተላልፈው ቃሉ ይቀራል፤ «እትዬ ናት የላከችው» የሚለው ነው የሚሄደው። ማንነቱ የማይታወቅ ሰው የሠራው ቪዲዮ በእርስዎ ስም ይታመናል፤ ፕሮፓጋንዲስት የሚፈልገውም ይህንኑ ነው። ስለዚህ የት? መቼ? ከቪዲዮው አንዱን ምስል በጎግል ሌንስ (በፎቶ መፈለጊያው) ይፈልጉ፤ ካልቻሉ ልጅዎ ታሳይዎ። ቦታው ላይ የሚያውቁት ሰው ካለ ይደውሉ። መልስ ከጠፋ ስልክዎ ውስጥ ይቅር። የላኩትን አሁኑኑ ከሁሉም ስልክ ያጥፉት፤ «ተሳስቻለሁ» ብለውም እዚያው ግሩፕ ላይ ይጻፉ።

ከጎንደር፦ 6 ሺህ ተከታይ አለኝ። የሐሰተኛ መረጃ ሕጉ እኔንም ይመለከታል?

በደንብ! በአዋጅ ቁጥር 1185/2012 ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ሐሰተኛ መረጃ ማሰራጨት እስከ 3 ዓመት እስራት ያስቀጣል። ዝርዝሩን ጠበቃ ይጠይቁ።

ከባሕር ዳር፦ ፎቶዬንና ሰፈሬን ለጥፈው «ከሃዲ» እያሉኝ ነው። መልስ ልስጥ?

አይስጡ። እዚያው ከተማዎ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2021 ፎቷቸውና ስማቸው ፌስቡክ ላይ የተለጠፈ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር ቤታቸው ደጃፍ ተገድለዋል። ሊንኩንና ቀኑን ይዘው ስክሪንሾት ያንሱ፤ ሪፖርት ያድርጉ፤ ለጊዜው ዘመድ ቤት ይደሩ። ዛሬውኑ ፖሊስና ጠበቃ ጋ ይሂዱ፤ ይህ በሬዲዮ የሚመለስ ጥያቄ አይደለም።