ተራ የሚጠብቁ ቁጥሮች

ክቡራን መምህራን፣ ወላጆች፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የሒሳብ ክበብ አባላት፣ እንደምን ዋላችሁ።

ወረቀት ወይም ስልክ ያላችሁ እስቲ አውጡ። አንድ ሙሉ ቁጥር ያዙ፤ ደስ ያላችሁን። ቀጥለው የሚመጡትን ሁለት ቁጥሮች ጨምሩና ሦስቱን አባዟቸው። ያገኛችሁትን ለ6 አካፍሉ። እኔ የማንንም ወረቀት ሳላይ ከዚሁ ልንገራችሁ፤ ቀሪ የለውም። 14፣ 15 እና 16ን የያዘ ካለ 3360 አግኝቷል፤ ለ6 ሲካፈል ልክ 560 ነው። ሰባት አሃዝ ያለው ቁጥር ይዤ ላስቸግረው ያለም ካለ፣ ድካሙ ለራሱ ነው።

ይህ ሁሉ የሚመጣው ከአንድ ቀላል ነገር ነው። ማንኛውንም ሦስት ተከታታይ ቁጥሮች ብትወስዱ፣ ከመካከላቸው የ3 ብዜት የሆነው አንድ ነው። አይጎድልም፣ አይበዛም። ከአራት ተከታታይ ቁጥሮች አንዱ ብቻ የ4 ብዜት ነው። ከመቶ ተከታታይ ቁጥሮች አንዱ ብቻ የ100 ብዜት ነው።

ለምን? ቁጥሮቹን በተርታ ለ3 አካፍሉና ቀሪያቸውን ብቻ ጻፉ። 1፣ 2፣ 0፣ 1፣ 2፣ 0 እያለ ይዞራል። ቀሪዎቹ ወረፋ እንደያዙ ሰዎች ናቸው፤ የሚዘል የለም፣ ሁለቴ የሚገባም የለም። ስለዚህ የትም ጀምራችሁ ሦስት ቦታ ብትቆጥሩ 0 አንድ ጊዜ ይደርሰዋል። ቀሪው 0 የሆነው ቁጥር ደግሞ የ3 ብዜት ነው። አለቀ።

አሁን ወደ 6 እንመለስ። ከሦስቱ ቁጥሮች አንዱ የ3 ብዜት ነው። ቢያንስ አንዱ ደግሞ ተጋማሽ ነው። ስለዚህ ውጤቱ ለ3ም ለ2ም ይካፈላል፤ ለሁለቱም ከተካፈለ ለ6 ይካፈላል።

እዚህች የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ላይ ትንሽ እንቁም፤ ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው። «ለሁለቱም ከተካፈለ፣ ሁለቱ ሲባዙ ለሚገኘው ቁጥር ይካፈላል» የሚለው ሁልጊዜ እውነት አይደለም። 12ን ተመልከቱ። ለ4 ይካፈላል፣ ለ6ም ይካፈላል። ለ24 ግን አይካፈልም፤ ከ24 ያንሳልና። 2 እና 3 ከ1 በቀር የጋራ አካፋይ ስለሌላቸው ነው ነገሩ የሠራልን። 4 እና 6 ግን 2ን ይጋራሉ። ያንን 2 ሁለቴ መቁጠር አይቻልም።

ይህን ይዘን አራት ተከታታይ ቁጥሮችን እናባዛ። አንዱ የ4 ብዜት ነው፣ ቢያንስ አንዱ የ3 ብዜት ነው። 3 እና 4 ከ1 በቀር የጋራ አካፋይ ስለሌላቸው ውጤቱ ለ12 ይካፈላል። ጥሩ። ግን ሞክሩት፦ 5 × 6 × 7 × 8 = 1680 ነው። ለ12 ብቻ ሳይሆን ለ24 ይካፈላል፤ 70 ይሰጣል። ያ ትርፍ 2 ከየት መጣ? ከአራት ተከታታይ ቁጥሮች ሁለቱ ተጋማሽ ናቸው። አንዱ የ4 ብዜት ነው፣ ሌላኛው የ4 ብዜት ባይሆንም 2ን ይዞ ይመጣል። 4 በ2 ሲባዛ 8፤ 8 በ3 ሲባዛ 24። እኔ በበኩሌ የሒሳብ ደስታ እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ነው እላለሁ። ከጠበቅነው በላይ ሲመጣ ትርፉ ከየት እንደመጣ መፈለግ።

አምስት ከሆኑ 120፣ ስድስት ከሆኑ 720። 1 × 2 × 3 እያልን የምናገኛቸው ፋክቶሪያሎች ናቸው። በየደረጃው 2ቱን ስንት፣ 3ቱን ስንት እያልን መቁጠር እንችላለን፤ ግን አጭር መንገድ አለ። ከ10 ልጆች 3 ልጆች በስንት መንገድ ይመረጣሉ? 10 × 9 × 8 ለ6 ተካፍሎ፣ በ120 መንገድ። የመምረጫ መንገድ ብዛት መቼም ግማሽ ወይም ሩብ አይሆንም። ስለዚህ ማካፈሉ ያለ ቀሪ መውጣት አለበት! ለ3 የሠራው ለማንኛውም ብዛት ይሠራል።

ማባዛቱ እንዲህ ከተመቸን መደመሩስ? 7 + 8 + 9 = 24፣ የ3 ብዜት። አምስት ቁጥሮች፦ 4 + 5 + 6 + 7 + 8 = 30፣ የ5 ብዜት። እዚህ ላይ «እንግዲያው አራት ከሆኑ የ4 ብዜት ነዋ» ለማለት አፍ ይቸኩላል። 7 + 8 + 9 + 10 = 34። ለ4 ሲካፈል 2 ይቀራል። ሌላ ሞክሩ፣ አሁንም 2 ይቀራል። መቼም አይሳካም። ብዛታቸው ጎዶሎ ሲሆን መሃል ላይ አንድ ቁጥር አለ፤ ግራና ቀኙ ይካካስና ድምሩ የመሃሉ ቁጥር በብዛታቸው ሲባዛ የሚገኘው ይሆናል። ብዛታቸው ጎዶሎ ካልሆነ መሃሉ በሁለት ቁጥሮች መካከል ይወድቃል፣ እዚያ ደግሞ ሙሉ ቁጥር የለም። ሁለት ምሳሌ አይቶ ሕግ ለሚያወጣ ሰው ይህቺ 4 ጥሩ መድኃኒት ናት።

ከዚህ ወደ ብቸኛ ቁጥሮች እንሻገር፤ ከ1 እና ከራሳቸው በቀር አካፋይ ወደሌላቸው። ከ3 የሚበልጥ ብቸኛ ቁጥር ያዙ፣ በራሱ አባዙት፣ 1 ቀንሱ። 7 ከሆነ 48። 11 ከሆነ 120። 13 ከሆነ 168። ሁሉም ለ24 ይካፈላሉ። 101ን ብትይዙ 10200 ይመጣል፤ እሱም 24 × 425 ነው። ምክንያቱን አሁን ታውቁታላችሁ። 10200 ማለት 100 × 102 ነው፣ የ101 ሁለቱ ጎረቤቶች። ተከታትለው የመጡ ሁለት ተጋማሾች ስለሆኑ አንዱ የ4 ብዜት ነው፤ ከሁለቱ 8 እናገኛለን። ከ100፣ 101 እና 102 አንዱ የ3 ብዜት መሆን አለበት። 101 ብቸኛ ስለሆነ ሊሆን አይችልም። ስለዚህ ከጎረቤቶቹ አንዱ ነው። 8 በ3፣ 24። በነገራችን ላይ ብቸኛ ቁጥርን በዚህ እንለያለን ብላችሁ እንዳትሞክሩ፤ 25ም ብቸኛ ሳይሆን 624 ይሰጣል፣ እሱም 24 × 26 ነው።

የብዜት ወረፋ ብቸኛ ቁጥሮችን ጨርሶ ሊያባርራቸውም ይችላል። ከ113 ቀጥሎ የሚመጣው ብቸኛ ቁጥር 127 ነው፤ በመሃል ያሉት 13 ቁጥሮች በሙሉ የሌላ ቁጥር ብዜቶች ናቸው። በተከታታይ አንድ ሺህ ብቸኛ ያልሆኑ ቁጥሮች ይኖራሉ? ይኖራሉ፤ መሥራትም ይቻላል። ከ1 እስከ 1001 ያሉትን ሁሉ አባዙ። ውጤቱ ላይ 2 ብትጨምሩ ለ2 ይካፈላል፣ 3 ብትጨምሩ ለ3፣ እንዲህ እያለ እስከ 1001። ቁጥሩን ጽፎ መጨረስ ያታክታል፣ ማመን ግን አያታክትም።

በተቃራኒው የምንፈልገውን ብዜት በምንፈልገው ቦታ ማስቀመጥስ? ሦስት ተከታታይ ቁጥሮች ፈልጉልኝ፤ የመጀመሪያው የ4፣ ሁለተኛው የ9፣ ሦስተኛው የ25 ብዜት ይሁን። አንድ በአንድ መሞከር አያስፈልግም። መጀመሪያ 4 እና 25ን እናስማማ። 48 ለ4 ይካፈላል፣ ሁለት ቢጨመርበት 50 ነው። ከዚያ በየመቶው ይደገማል፦ 48፣ 148፣ 248። ለ9 ሲካፈሉ ቀሪያቸው 3፣ 4፣ 5 እያለ በአንድ ይወጣል። እኛ የምንፈልገው 8 ነው፤ የሚቀጥለው ቁጥር ያኔ የ9 ብዜት ይሆናልና። ስለዚህ አምስት እርምጃ ብቻ፦ 548፣ 549፣ 550። እንዲህ ያለ የቀሪ ጥያቄ በጥንቷ ቻይና ይጠየቅ ነበር፤ ዛሬም ሕጉ የቻይና የቀሪ ቲዎረም ይባላል።

ላለማሰልቸት አንድ የመጨረሻ። 1 × 2 × 3 × 4 = 24፤ 1 ጨምሩ፣ 25። 2 × 3 × 4 × 5 = 120፤ 1 ጨምሩ፣ 121። 3 × 4 × 5 × 6 = 360፤ 1 ጨምሩ፣ 361። የ5፣ የ11 እና የ19 ካሬዎች ናቸው። ሁልጊዜም እንዲሁ ነው። ይህ ማለት ደግሞ አራት ተከታታይ ቁጥሮች ተባዝተው የሚሰጡት ውጤት ራሱ መቼም ካሬ አይሆንም፤ ከ0 እና ከ1 በስተቀር በ1 የሚለያዩ ካሬዎች የሉምና። አራት ባይሆኑስ፣ አሥር ወይም መቶ ቢሆኑ? ካሬ ብቻ ሳይሆን ኩብም ሆነ ከዚያ በላይ ያለ የትኛውም ኃይል እንደማይሆን የሒሳብ ሊቃውንቱ ፖል ኤርዶሽ እና ጆን ሴልፍሪጅ ያረጋገጡት በ1975 ነው።

የእነሱ ማረጋገጫ ከባድ ነው። ለሦስት ቁጥሮች ግን እናንተ ዛሬውኑ ልታረጋግጡት ትችላላችሁ። ፍንጭ ልስጣችሁ፦ የመሃሉ ቁጥር ከሁለቱ ጎረቤቶቹ ጋር ከ1 በቀር የጋራ አካፋይ የለውም። ያገኘ ሰው እዚህ ሰሌዳ ላይ መጥቶ ያሳየን።

አመሰግናለሁ።