ሁለቱ ስልክ ሰሪዎች

(ምስል፦ ሜክሲኮ አካባቢ ያለች ጠባብ የሞባይል ጥገና ሱቅ። ጠረጴዛው ላይ ብሎን መፍቻ፣ ወረንጦ፣ ሆዱ የተከፈተ ስልክ።)

በአማርኛ «ስልክ ሰሪ» ስንል ሁለት ሰው ማለታችን ነው። አንዱ ስልኩን ያመረተው ነው። ሌላው ደግሞ እዚህ ጠረጴዛ ላይ አጎንብሶ የምታዩት ልጅ። ዛሬ ትልልቆቹ ስልክ ሰሪዎች አካባቢን ላለመበከል ምን እየሠሩ እንደሆነ እናያለን። የምናየው ግን ከትንሹ ስልክ ሰሪ ወንበር ላይ ሆነን ነው።

ነገሩ የገባኝ እዚሁ ሱቅ ውስጥ ተራ ስጠብቅ ነው። አንዲት እናት ስልካቸውን ከቦርሳ አወጡ። ጀርባው እንደ ሊጥ ኩፍ ብሏል።

«ማዘር፣ ባትሪው አብጧል። ስንከፍተው ስክሪኑ ሊሰነጠቅ ይችላል፣ ከአሁኑ ልንገርዎት» አላቸው ልጁ።

«ባትሪ ለማውጣት? የድሮው እኮ በጥፍር ነበር የሚወጣው፣ ልጄ!»

ሳቅን። እሳቸው ግን እውነታቸውን ነው።

(ምስል፦ ሂት ገን፣ በስልኩ ጠርዝ የምትገባ ቀጭን ፕላስቲክ። ካሜራው ይጠጋ።)

የዛሬ ስልክ በሙጫ የታሸገ ነው። ልጁ ጠርዙን ሂት ገን በሚነፋው ሙቅ አየር ያለሰልሳል፣ ፕላስቲኳን ያስገባል፣ ትንፋሹን ይዞ ይገፋል። ከውስጥ ደግሞ ባትሪው ራሱ ተለጥፏል። መሣሪያው ስቶ ባትሪውን ከወጋ እሳት ነው። አምራቾቹ ስልኩ ቀጭን እንዲሆንና ውሃ እንዳይገባው ብለን ነው ይላሉ። ውሸት አይደለም። የሙጫው ዋጋ ግን ብዙ ሰው በባትሪ ምክንያት ሙሉ ስልክ መጣሉ ነው።

ይሄ ከአካባቢ ጋር ምን አገናኘው? አፕል ራሱ በሚያወጣው ሪፖርት፣ አንድ አይፎን በዕድሜው ከሚያስከትለው የካርቦን ልቀት 80 በመቶ ያህሉ የሚመጣው ገና ሲመረት ነው። ማዕድን ሲቆፈር፣ ቺፕ ሲሠራ፣ ፋብሪካው ሲንቀሳቀስ። ቻርጅ ማድረጉ ትንሹ ነው። እኛ ጋ ደግሞ መብራታችን ከሞላ ጎደል ከውሃ ስለሚመነጭ ጭራሽ ያንሳል። ስለዚህ ሦስት ዓመት የሚሠራን ስልክ ስድስት ዓመት ብንጠቀምበት፣ የምርቱ ጣጣ በዓመት ሲካፈል በግማሽ ይወርዳል። ሌላ ቴክኖሎጂ አይጠይቅም።

አሁን ወደ ትልልቆቹ። ዓመቶቹን በፈረንጅ ልቁጠር። አፕል በ2020 አንድ ቃል ገባ፦ እስከ 2030 ድረስ፣ ዕቃ የሚያቀርቡለትን ፋብሪካዎች ጨምሮ፣ ካርቦን የማያስተርፍ፣ ማለትም የሚለቀውን ቀንሶ የቀረውን የሚያካክስ ኩባንያ እሆናለሁ አለ። በዚያው ዓመት ቻርጀሩን ከካርቶኑ አስወጣ። ካርቶኑ ቀጠነ፤ አንድ ፓሌት (ዕቃ የሚጫንበት የእንጨት መደብ) ላይ እስከ 70 በመቶ የበለጠ ስልክ ይደረደራል ተባለ። ጥሩ። እዚህ ግን ስልኩን የገዛ ሰው ቻርጀር ፍለጋ መርካቶ ይወርዳል። ያቺም የራሷ ካርቶን አላት!

ዴዚ የምትባል ሮቦትም አለቻቸው። በ2018 ነው ይፋ ያደረጓት። በሰዓት እስከ 200 አይፎን ትፈታለች፤ ውስጡ ያለው ማዕድን ተመልሶ ለሥራ ይውላል። እኔ ዴዚን አልንቃትም። ስልክ ውስጥ ታንታለም የሚባል ማዕድን አለ፤ የእኛው ጉጂ ዞን፣ ቀንጢቻ፣ መሬት ተቆፍሮ የሚወጣ። ከአሮጌ ስልክ ከተገኘ ያን ያህል መሬት አይቆፈርም። ችግሩ ዴዚ ያለችው ቴክሳስና ኔዘርላንድ ነው። የእኛ ሰፈር ስልክ ሲሞት መጀመሪያ መሳቢያ ይገባል፣ ከዚያ ለቆራሌው ይሰጣል፣ ከዚያ ምናለሽ ተራ ወይ ቆሻሻ ውስጥ ነው። በተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች ሪፖርት መሠረት ዓለም በ2022 ብቻ 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ አፍርቷል። በአግባቡ ተሰብስቦ ለመልሶ ጥቅም መዋሉ የተመዘገበው 22.3 በመቶው ነው።

(ምስል፦ መሳቢያ ሙሉ የሞቱ ስልኮች። የልጁ እጅ አንዱን መርጦ ያወጣል።)

ይቺን መሳቢያ እዩልኝ። የልጁ መለዋወጫ መደብር ይቺ ናት። ከሞተው ፈትቶ ለታመመው ይገጥማል። ግን ከሌላ አይፎን የተፈታ ኦሪጅናል ስክሪን ቢገጥም እንኳ፣ ስልኩ «የማላውቀው ዕቃ ነው» ብሎ ማስጠንቀቂያ ያወጣ ነበር። ደንበኛው ያንን ሲያይ ማንን ይጠረጥራል? ልጁን ነዋ! አፕል በሚያዝያ 2024 ይሄን እንደሚያላላ አሳወቀ፤ ከአይፎን 15 ጀምሮ ያገለገለ ኦሪጅናል ዕቃ ይሠራል ብሎ። ለእኔ ይሄ ከካርቶኑ ወሬ ይበልጣል።

ሌላ መንገድ የያዘም አለ። ፌርፎን የሚባል የአምስተርዳም ኩባንያ፣ በ2023 ባወጣው አምስተኛ ስልኩ፣ ባትሪውን ያለ ምንም መሣሪያ እንድታወጡት አድርጎ ሠርቷል። ማዘር እንዳሉት፣ በጥፍር። አዲስ አበባ ገበያ ላይ ግን እስካሁን አላየሁትም። አውሮፓ ኅብረትም ከየካቲት 2027 ጀምሮ ባትሪ በተጠቃሚው እጅ የሚቀየር ይሁን የሚል ሕግ አውጥቷል። ስልኩ እዚያ ሲቀየር እዚህም የሚመጣው ያው ስልክ ነው።

(ምስል፦ የልጁ ቴስተር ተገልብጦ። የጀርባው ክዳን ይከፈታል።)

የወደድኳትን ለመጨረሻ አቆይቻታለሁ። በ2024 የወጣው አይፎን 16 ላይ ባትሪው የተለጠፈበት ሙጫ ሌላ ነው። በ9 ቮልት ባትሪ ለአንድ ደቂቃ ተኩል ያህል ኤሌክትሪክ ሲነካው ራሱ ይለቃል። ሙቀት የለ፣ መፈልቀቅ የለ። ይሄን ስነግረው ልጁ ሥራውን አቆመ። ኤሌክትሪክ የሚለካበትን ቴስተር ገልብጦ ክዳኑን አወጣና አራት ማዕዘኗን ባትሪ አሳየኝ።

«9 ቮልት? ይቺው? ይቺማ ሁሌም ከእኔ ጋር ናት» አለኝ።

የማዘር ስልክ ግን 16 አይደለም። ሂት ገኑን መልሶ አነሳ።