ታዲያ ምኑን ቆረጥከው?

እሺ ሰላም ሰላም፣ እንዴት ናችሁ፣ ድምፄ ትንሽ ከጎረነነባችሁ የጽድ ብናኝ ነው፣ ሰሞኑን ስራ በዝቷል። መስቀል ካለፈ በኋላ ሁሌም እንዲህ ነው፣ ክረምቱን ሙሉ ዝናብ ሲጠጣ የከረመ አጥር ሁሉ ተንጨባሮ ይወጣና ሰው ሁሉ በአንድ ሳምንት ውስጥ ይደውላል። አዲስ ለገባችሁ፣ እኔ አጥር ከርካሚ ነኝ፣ የተክል አጥር ማለቴ ነው፣ ካዛንቺስ፣ ኦሎምፒያ፣ ሜክሲኮ፣ ስድስት ኪሎ፣ መሀል ከተማ ላይ የቀሩት ግቢዎች ውስጥ ነው የምሰራው። የቀሩት ያልኩት አውቄ ነው፣ ካዛንቺስ ራሱ ብዙው ፈርሷል።

ዛሬ ማውራት የፈለግኩት ስለ ክምር ነው። ስራ ስጨርስ ደንበኛው መጀመሪያ የሚያየው አጥሩን አይደለም፣ መሬት ላይ የወደቀውን ነው። ክምሩ ትልቅ ከሆነ ጎበዝ ትባላለህ፣ ትንሽ ከሆነ ፊት ይጠቁራል። ባለፈው አንዲት በጣም የማከብራቸው እናት፣ ቡና ሁሉ አፍልተው ጠብቀውኝ፣ ወጥተው ዞር ዞር ብለው አዩና "ልጄ፣ ታዲያ ምኑን ቆረጥከው?" አሉኝ። "እማማ፣ እንዳያስታውቅ አድርጌ ነው የቆረጥኩት" አልኳቸው፣ ሳቁ፣ ግን አላመኑኝም፣ ብሩንም ሲሰጡኝ ደጋግመው ቆጥረው ነው።

ነገሩ የሂሳብ ጉዳይ ነው እኮ። ደንበኛው በአመት አንዴ ነው የሚጠራህ፣ የሚከፍልህም ለዛች ቀን ነው፣ ስለዚህ "ከመጣህ አይቀር በደንብ አውርደው" ይላል፣ ከርካሚውም ያወርደዋል ምክንያቱም ብሩን የሚያስገኘው ክምሩ ነው፣ እንዲህ እንዲህ ሲሉ ሁለቱም ተስማምተው ተክሉን ይገሉታል።

በተለይ ጽዱን። እዚህ ከተማ የድሮ ግቢ አጥር ስትሉ አብዛኛው የፈረንጅ ጽድ ነው (መነሻው ሜክሲኮና መካከለኛው አሜሪካ ነው፣ ሜክሲኮ አደባባይ አካባቢ ስከረክመው አንዳንዴ ለብቻዬ እስቃለሁ)። አረንጓዴው ላዩ ላይ ያለው ሽፋን ብቻ ነው፣ እጃችሁን ሰዳችሁ ገለጥ ብታደርጉት ውስጡ ቡናማ ደረቅ ጭራሮ ነው፣ ፀሀይ ስለማይደርሰው ቅጠሉ ረግፏል። እና መቀሱ አረንጓዴውን አልፎ ቡናማው ጋ ከገባ አለቀ፣ ከዛ እንጨት ላይ አዲስ ቅጠል አይወጣም፣ ዘንድሮም ከርሞም። የሀበሻ ጽዱም ያው ነው። ዱራንታ ግን ሌላ ነው፣ እስከ ጉልበት ብታወርዱት ዝናብ ካገኘ ያንሰራራል፣ ሰው ታዲያ ዱራንታው ላይ ያየውን ከጽዱም ይጠብቃል።

አንድ ግቢ አለ፣ የት እንደሆነ አልናገርም፣ ላይ ላዩን እየነካሁ ጥሩ አድርጌ የያዝኩት አጥር ነበር። ባለቤቱ ሌላ ሰው አመጡ፣ ርካሽም ነው ብዙም ይቆርጣል። በኋላ ደወሉልኝ፣ ሄጄ ሳይ የመንገድ በኩሉ ሙሉ ቡናማ ነው፣ ሽቦ ብቻ፣ ድሮ የተወጠረው እሾሃማ ሽቦ ግንዱ ውስጥ ገብቶ ሁሉ ይታያል። "መቼ ይመለሳል?" አሉኝ። አይመለስም ማለት ከባድ ነው፣ ሰውየው ከአባታቸው የወረሱት አጥር ነው፣ ግን አልኳቸው። ነቅሎ እንደገና መትከል ነው ያለው ምርጫ።

ሌላው የማይታይ ነገር ቅርፁ ነው። ሰው ቀጥ ያለ ግድግዳ ይፈልጋል፣ ተክል ደግሞ ዝም ካላችሁት ከላይ ይሰፋል፣ ታችኛው ጥላ ውስጥ ገብቶ ይራቆታል፣ ከዛ ውሻ ይሾልካል፣ ከዛ ቆርቆሮ ይለጠፋል፣ አለቀ። እኔ ሲባጎ ወጥሬ ከታች ሰፋ ከላይ ጠበብ አድርጌ ነው የማወጣው፣ ልዩነቱን ከመንገድ ሆናችሁ አታዩትም፣ ግን ታች ያለው ቅጠል ፀሀይ ያገኛል። ደንበኛ ይሄን አይከፍልበትም፣ ስለማያየው።

ወቅቱም አለ። አሁን፣ መስከረም መጨረሻና ጥቅምት፣ ክረምት ያወጣውን ለጋ ብቻ ነው የማነሳው። ከዚህ በኋላ እስከ በልግ ድረስ ደረቅ ነው፣ ቀን ፀሀዩ ያቃጥላል፣ የህዳርና የታህሳስን ሌሊት ብርድ ታውቁታላችሁ፣ ውሃው በፈረቃ ነው፣ አሁን አራቁታችሁት ማን ያጠጣዋል? ዱራንታ ምናምን በጣም መውረድ ካለበት ግንቦት መጨረሻ ጥሩኝ እላለሁ፣ ክረምቱ ራሱ ያድነዋል። ቦጋንቪሊያ አበባው ሲረግፍ ነው፣ የሚያብበው በአዲስ ቡቃያ ላይ ስለሆነ። ቅንጭብ ያላችሁ ደግሞ በባዶ አይን እንዳትነኩት፣ መነፅር አድርጉ፣ ወተቱ አይን ከገባ አደገኛ ነው።

ምን ይገርመኛል መሰላችሁ፣ ኮሪደር ልማቱ ከመጣ ወዲህ ከአራት ኪሎ ወደ መገናኛ ያለውን ተክል ያዩ ደንበኞች "እንደ መንገዱ አድርግልኝ" ይሉኛል። እሺ፣ ግን እዛ መንገድ ላይ እኮ ሰራተኛው በየጊዜው ነው የሚመለሰው፣ ትንሽ ትንሽ ነው የሚነካው፣ ክምር አይታችሁ ታውቃላችሁ? እናንተ ደግሞ በአመት አንዴ ትጠሩኝና እንደዛ ይሁን ትላላችሁ።

ስለዚህ ዘንድሮ ለደንበኞቼ የአመት ውል እያቀረብኩ ነው፣ በሶስት ወር አንዴ እመጣለሁ፣ ክፍያው ለአጥሩ ሁኔታ ነው እንጂ ለወደቀው አይደለም። አንዳንዱ "መጥተህ ምንም ሳትቆርጥ ልከፍልህ ነው?" ይለኛል፣ እውነቱን ነው፣ ሞረድ ይዤ ሄጄ መቀሴን ስዬ አንድ ሰአት ብቻ የምሰራበት ቀን ይኖራል። እማማ ግን እሺ ብለዋል፣ ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው "ቡና የሚያጣጣኝ ሰው ስላጣሁ" አሉኝ፣ እኔ ምክንያቱን አልመርጥም።

በሉ ልውጣ፣ ነገ ጠዋት ኦሎምፒያ ስራ አለኝ። አንድ ነገር ብቻ፣ ታህሳስ ላይ ለገና ዛፍ ብላችሁ የአጥሩን አናት አንድ ሜትር እንዳትወስዱብኝ፣ ጉድጓዱ አይሞላም። ከጎን ለጋ ለጋውን ስጠን በሉኝ፣ ራሴ ቆርጬ በነፃ አስሬ አመጣላችኋለሁ። ቻው።