የታክሲ ሰልፍ ዕቁብ

እሱ፦ እንኳን ደህና መጣችሁ! ዛሬ የያዝነው ርዕስ ሰው የተከማቸባቸው ታላላቅ ከተሞች ነው። ቶኪዮ ከነዙሪያዋ 37 ሚሊዮን ገደማ ሰው ይኖርባታል። ይሄ ሁሉ ሕዝብ አንድ ላይ እንዴት...

እሷ፦ ቶኪዮ ትቆየን፤ መጀመሪያ የአክስቴን ልንገርህ።

እሱ፦ በይ እሺ።

እሷ፦ አክስቴ ዕድሜዋን ሙሉ አራት ኪሎ ነው የኖረችው። ኮንዶሚኒየም ደረሳትና ቱሉ ዲምቱ ገባች። ቤቱን ትወደዋለች፤ ሽንት ቤቱም ማድ ቤቱም የራሷ ነው። ሥራዋ ግን አራት ኪሎ ቀረ፣ ዕድሯም እዚያው ቀረ። ሌሊት አስር ሰዓት ተነስታ የታክሲ ሰልፍ ትይዛለች።

እሱ፦ አስር ሰዓት! ጅብ እንኳ ገና አልገባም እኮ።

እሷ፦ ስማኝ እንጂ። በየቀኑ የሚሰለፉት ያው ሰዎች ናቸው። መጀመሪያ ሰላምታ ሆነ፣ ከዚያ ተራ መያያዝ፣ አሁን ዕቁብ ጀመሩልህ!

እሱ፦ ሰልፉ ላይ?

እሷ፦ ሰልፉ ላይ! ዕጣው ራሱ እዚያው ይወጣል። አንዷ ስትወልድ ተጠራርተው ገንፎ ሊበሉ ሄዱ።

እሱ፦ እኔንም አስመዝግቢኝ በናትሽ።

እሷ፦ አስር ሰዓት ትነሳለህ?

እሱ፦ ለዕቁቡ እነሳለሁ!

እሷ፦ እኔ የገረመኝ፣ ሰፈራቸው ሲበተን ጎረቤት ያገኙት መንገድ ላይ መሆኑ ነው። ደስ ይላል፤ ያሳዝናልም። ልጆቿን ነቅተው የምታያቸው እኮ እሁድ ብቻ ነው።

እሱ፦ እሺ፣ ወደ ርዕሳችን። እኔ ችግሩ ሁሉም ነገር አዲስ አበባ መከማቸቱ ነው እላለሁ። በ1999ኙ ቆጠራ አዲስ አበባ 2.7 ሚሊዮን ሰው ነበራት፤ ድሬዳዋ ከተማ 233 ሺህ። ከአስር እጥፍ በላይ! ሥራው እዚህ፣ ስፔሻሊስቱ እዚህ። ሰው ቢመጣ ይፈረድበታል? ሥራው ራሱ ወደ ደሴ፣ ወደ ጅማ ይሂድ።

እሷ፦ ይሂድ። እስኪሄድ አክስቴ ምን ትሁን? እሷን የገደላት ርቀቱ ነው እንጂ የሰው ብዛት አይደለም። ቶኪዮ ያማኖቴ የሚባል የቀለበት ባቡር አላት፤ 34 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የእኛም ቀላል ባቡር ሁለቱ መስመር ሲደመር ያንኑ ያህላል። የእነሱ ግን በየጥቂት ደቂቃው ይመጣል፣ ከሌሎች ብዙ መስመሮች ጋርም ይገናኛል። የእኛ ቃሊቲ ላይ ያበቃል። ቱሉ ዲምቱ ደግሞ ከቃሊቲ ወዲያ ነው!

እሱ፦ ቶኪዮም እኮ ባቡሩ ውስጥ ሰው ታጭቆ ነው የሚሄደው።

እሷ፦ ይታጨቅ! በሰዓቱ ይደርሳል። ርቀቱን ነው የምልህ። ሰውን ወደ ዳር ስናወጣ ሥራውንም፣ ገበያውንም፣ ሆስፒታሉንም አብረን ማውጣት ነበረብን።

እሱ፦ እሱ ላይ አንድ ነን። ግን አዲስ አበባን ብቻ ካሳመርን፣ ያ ሁሉ አገር ጥሎ ይመጣል።

እሷ፦ ይምጣ!

እሱ፦ ይምጣ? ውሃው በፈረቃ እየመጣ?

እሷ፦ ውሃው ላይ ይሁንልህ። ባቡሩን ግን አልለቅም።

እሱ፦ ውሃውን ለብቻው በሚቀጥለው ሳምንት እናነሳዋለን። እናንተም ቤታችሁና ሥራችሁ ምን ያህል እንደሚራራቅ ጻፉልን፤ እናነበዋለን።