ከበሩ ማን ገባ?

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ጡረታ የወጣችሁ መምህራን፣ ጥሪያችንን አክብራችሁ የመጣችሁ እንግዶች፤ እንኳን ለዓመታዊ ጉባኤያችን አደረሳችሁ።

ከአራት ኪሎ እስከ ስድስት ኪሎና ከዚያ ትንሽ ከፍ ብሎ የትምህርታችን ታሪክ በእግር ይታያል። ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በ1900 ዓ.ም. ገደማ፣ ተፈሪ መኮንን በ1917 ዓ.ም.፣ እቴጌ መነን ከዚያ ስድስት ዓመት ያህል ቆይቶ ተከፈቱ። ይህን በየምርቃቱ ስንሰማው አድገናል። ትምህርት ቤቱን ማን እንደከፈተ እናውቃለን፤ በተከፈተው በር ማን እንደገባና እንዴት እንደገባ ግን ብዙ አልተጻፈም።

አፄ ምኒልክ መምህራኑን ከግብፅ ያስመጡት በዘፈቀደ አልነበረም። ካህናቱ የፈረንጅ ትምህርት ሃይማኖት ያስለውጣል ብለው ሰግተው ነበር። ቅብጦቹ፣ ማለትም የግብፅ ክርስቲያኖች፣ ግን የያኔው ጳጳሳችን የአቡነ ማቴዎስ አገር ሰዎች፣ በእምነትም ወንድሞች ናቸው። ፈረንሳይኛውና እንግሊዝኛው በእነርሱ ትከሻ ገባ። እንደ እኔ ይህ ትልቅ ብልሃት ነው። ወላጅን ማሳመኑ ሌላ ጣጣ ነበር። ከየኔታ ዘንድ ፊደል ቆጥሮ ዳዊት የደገመ ልጅ ለአባቱ ተምሮ የጨረሰ ነው፤ ከዚያ በኋላ ከብቱን ማን ይጠብቅ? ስለዚህ መንግሥት ተማሪውን በደብተር፣ በልብስ፣ በምግብና በማደሪያ ሲያባብል ኖረ። ዛሬ በከተማችን ትምህርት ቤቶች የሚደረገውን ምገባ እንግዳ ነገር የሚያደርጉት ሰዎች ይህን ቢያስታውሱ መልካም ነው። ያኔ ምግቡ ልጁን ለማምጣት ነበር፤ አሁን በባዶ ሆዱ የመጣው እንዳይቀር ነው።

የጣሊያን ወረራ ይህን ሁሉ አፈረሰው። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ የተማረው ወጣት እየተለየ ታደነ። ከነጻነት በኋላ በ1935 ዓ.ም. ኮተቤ ላይ ሁለተኛ ደረጃ ሲከፈት አገሪቱ መምህር የምታገኘው ከውጭ ነበር። ከዚያ ወዲህ ተማሪው በዛ፣ ክፍሉ ጠበበ፣ ፈረቃም መጣ፤ የጠዋቱ ልጅ የተነሣበት ወንበር ሳይቀዘቅዝ የከሰዓቱ ተቀመጠበት።

በዛሬው አጀንዳ ሦስተኛው ነጥብ ከዚህ የሚነሣ ነው። በየቤታችሁ የስም መጥሪያ መዝገብ፣ ካርድ፣ የክፍል ፎቶግራፍ ካለ ለማኅበሩ አውሱን፤ ቅጂ አንሥተን ዋናውን እንመልሳለን። ከመምህራኑ ጋር ደወል ደዋዩን፣ ዘበኛውንና የጽዳት ሠራተኛዋን በስም የምታስታውሱ ስማቸውን ጻፉልን፤ መዝገብ ላይ አይገኙምና። ጸሐፊያችን ቅጹን ይዘው በር ላይ ተቀምጠዋል።

ጉባኤው መከፈቱን እየገለጽሁ መድረኩን ለሒሳብ ሹማችን እለቃለሁ።