ዋልያው የት ይሂድ?

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ከደባርቅ፣ ከጃናሞራና ከበየዳ የመጣችሁ አርሶ አደሮች፣ ውድ ተማሪዎች፤ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ዛሬ የማነሣው ስለ ሣርና ሣሩን ስለሚግጠው የዱር እንስሳ ነው። ሣር ለመፈጨት አስቸጋሪ ነው። ዋልያም፣ ድኩላም፣ ሚዳቋም በራሳቸው አቅም አይፈጩትም፤ የሚያብላሉላቸው በጨጓራቸው የሚኖሩ ዓይነ ረቂቅ ተሕዋስያን ናቸው። ስለዚህ እንስሳው በፍጥነት ግጦ ይውጥና ጠላት የማይደርስበት ቦታ ሄዶ ያመነዥካል። ለዋልያ ያ ቦታ ገደል ነው። ገደሉ ከሌለ መብላቱ ብቻ አያኖረውም።

የአውሮፓና የእስያ አጋዘኖች ወንዶቹ በየዓመቱ ቀንዳቸውን ጥለው ሌላ ያበቅላሉ። የዋልያ ቀንድ ግን አይወድቅም፤ ዕድሜውን ሙሉ ያድጋል፣ የአውራው ከአንድ ሜትር ሊያልፍ ይችላል።

ዋልያ ወደዚህ የደረሰው ከሰሜን ነው። የቅርብ ዘመዱ ዛሬም በሱዳንና በግብፅ የቀይ ባሕር ተራሮች የሚኖረው የኑቢያ የበረሃ ፍየል ነው። ምድር ቀዝቃዛ በነበረችበት ዘመን የዋልያ አያቶች ወደ እኛ ደጋ ዘለቁ። በኋላ አየሩ ሲሞቅ በስሜን ተራሮች ጫፍ ላይ ተነጥለው ቀሩ። ስሜን ለዋልያ በቆላ የተከበበ ደሴት ነው።

እኔን ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝ የመውለጃ ወራቱ ነው። በአልፕስ ተራሮች ያሉት ዘመዶቹ የሚገናኙት በታኅሣሥ ብርድ ሲሆን የሚወልዱት በረዶው ቀልጦ ለምለሙ ሲወጣ፣ ሰኔ አካባቢ ነው። የእኛ ዋልያ በብዛት የሚወልደው መስከረምና ጥቅምት ላይ ነው። ክረምቱ አልፎ ተራራው ሣርና አበባ ሲለብስ እናቲቱ ጠግባ ታጠባለች። ብዙ ትውልድ አልፎ የሰውነቱ ቀመር በእኛ ክረምት ተቃኘ ማለት ነው። ይህ እንስሳ የስሜን ነው ስንል ተወልዶ ያደገበት መሆኑን ብቻ አይደለም፤ ስሜን ራሱ ቀርጾታል።

ጎረቤቱ ጭላዳም እንዲሁ ነው። ከዝንጀሮ ወገን ሆኖ ዋና ምግቡ ሣር የሆነ ሌላ የለም። የወገኖቹ ቅሪተ አካል ከደቡብ አፍሪካ እስከ ስፔንና ሕንድ ተገኝቷል፤ ሁሉም ጠፍተው እሱ ብቻ በኢትዮጵያ ደጋ ተረፈ።

የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። በ1996 በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገባ፤ ከመዝገቡ የወጣው በ2017 ነው። በፓርኩ ውስጥ የነበረችው የግጭ መንደር ነዋሪዎች ቤታቸውንና የአባቶቻቸውን መሬት ትተው ወደ ደባርቅ ወርደዋል። ይህን መሥዋዕትነት አቅልሎ የሚያወራ ሰው እኔን ያሳዝነኛል። ከዚያ ሁሉ ድካም በኋላ የዋልያ ቁጥር ዳግም ማሽቆልቆሉ ደግሞ ይበልጥ ያሳዝነኛል። የብሔራዊ ቡድናችን ተጫዋቾች በስሙ ይጠራሉ፤ እሱ ግን በዓለም ላይ በዱር ያለው በዚህ ተራራ ብቻ ነው።

ስለዚህ አርሶ አደሮች ሆይ፣ ፍየሎቻችሁን ከአፋፉ አርቁልን። የቤት ፍየል ከዋልያ ጋር ሊዳቀል ይችላል፤ በሽታም ያጋባል። አፋፉ ላይ ያለው ሣር ለእናንተ መንጋ ተጨማሪ ግጦሽ ነው፤ ለዋልያ ግን ሌላ አማራጭ የለውም።

ኃላፊዎችም ስሙኝ። መኖ ያላቀረብንለትን እረኛ ከግጦሹ ውጣ ማለት ፍትሕ አይደለም። በደባርቅ ዙሪያ ባሉ ቀበሌዎች የመኖ ሣርና ዛፍ ችግኝ ይፍላ፣ የእንስሳት ክትባት በየጊዜው ይድረስ፤ የፓርክ ጠባቂውም ደመወዝና ስንቅ ሳይዘገይበት ይውጣ። ይህ ሁሉ ከመጪው ክረምት በፊት ሊጀመር የሚችል ሥራ ነው። የተማሪዎቹን ጉልበት ለችግኙ እንድትጠቀሙበት እጠይቃለሁ፤ እኔም አብሬያቸው እወጣለሁ።

አመሰግናለሁ።